«ራንዌይ ዴ ዋራቴ»፦ ልብሱ የት ሄደ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች። አንድ የሚያብከነክነኝ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ልብስ ሥራ የተሠራ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ልብስ ሲሠራ ካላሳየን ምን ሊያሳየን ነው?

የማወራው ስለ «ራንዌይ ዴ ዋራቴ» ነው። በእንግሊዝኛው «ስማይል ዳውን ዘ ራንዌይ» ይሉታል። በ2020 ከጥር እስከ መጋቢት በ12 ክፍል ታይቶ አለቀ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሠራው ኢዞላ የሚባል ስቱዲዮ ነው። መነሻው የኮቶባ ኢኖያ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) ነው። ማንጋው ሾነን ማጋዚን ላይ ከ2017 እስከ 2021 በየሳምንቱ ሲወጣ ቆይቶ በ22 ቅጽ ተጠናቋል። ሾነን ማጋዚን የወንድ ልጆች መጽሔት ነው። ቡጢና እግር ኳስ በሞላበት ቦታ ስለ ቀሚስ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

አጀማመሩ ልብ ይሰቅላል። ቺዩኪ ፉጂቶ የሞዴል ኤጀንሲ ባለቤት ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታልመው ፓሪስ የፋሽን መድረክ ላይ መራመድን ነው። ቁመቷ ግን 158 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀረ። የአባቷ ኤጀንሲ ሳይቀር አይቀበላትም። ኢኩቶ ትሱሙራ የክፍሏ ልጅ ነው። እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ሦስት ታናናሽ እህቶች አሉት። እጁ የተፍታታው ለእነሱ እየሰፋ ነው። ዲዛይነር መሆን ይፈልጋል፣ ለትምህርት የሚሆን ብር ግን የለም። ሁለቱ ተገናኝተው እሱ ይሰፋላታል፣ እሷ ለብሳ ትወጣለች። ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል?

ቅር ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኢኩቶ ጨርቅ ያነሳል። የስፌት መኪናው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ትዕይንቱ ይቆረጣል። ልብሱ አልቋል። ሞዴሏ ስትወጣ ደግሞ ልብሱን ሳንጠግበው ካሜራው ወደ ተመልካቹ ይዞራል። አንዱ አፉን ከፍቷል። ሌላዋ እንባ አቅርራለች። ሦስተኛው በሆዱ ያወራል። ልብሱ ድንቅ መሆኑን የምናውቀው በሰው ፊት ነው። በዓይናችን አይተን እንድንፈርድ ዕድል አልተሰጠንም።

ጥድፊያውም አለ። ጌይካ የተባለው የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ውድድር የታሪኩ ትልቁ ምዕራፍ ነው። እዚያ ለመድረስና ለመጨረስ 12 ክፍል አልበቃም። ሰው ይመጣል፣ ሳንለምደው ይሄዳል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ችግሩ የገንዘብ ነው? የጊዜ ነው? ወይስ ሠሪዎቹ የፈለጉት የልጆቹን ለቅሶ እንጂ ልብሱን አልነበረም?

መልሶቹ

እስካሁን 33 መልስ ገብቷል። ዘግይታችሁ ለምትመጡ በየቁጥራቸው እተርካለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ ሐሳቡን ነው የማስቀምጠው። የራሴንም አስተያየት ጣል ጣል አደርጋለሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ስለ ጽሑፉ አመስግኖ፣ የመጀመሪያው ክፍል ግን በዚህ ወቀሳ ውስጥ መግባት የለበትም አለ። ቺዩኪ ለኤጀንሲው ፈተና ስትለብሰው ያየነው ልብስ ከልጁ ኑሮ የወጣ ልብስ ነው ባይ ነው። ትክክል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ቢቀር አጭር ፊልም ይወጣዋል።

2ኛው መልስ የመጣው የድሮ አኒሜ ከሚያውቅ ሰው ነው። ፋሽን ላይ የተሠራ ነገር ብርቅ እንዳይመስላችሁ ብሎ ዘረዘረ። «ጎኪንጆ ሞኖጋታሪ» በ1995 ቶኤይ ሠርቶታል። «ፓራዳይዝ ኪስ» በ2005 ማድሃውስ ሠርቶታል። «ፕሪንሰስ ጄሊፊሽ» በ2010 መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአይ ያዛዋ ማንጋዎች ናቸው። ያዛዋ ራሷ ፋሽን ትምህርት ቤት የገባች ሰው ናት። ዝርዝሩ ደስ ብሎኛል። ግን ልብ በሉ፣ በየአምስት በየአስር ዓመቱ አንድ ነው። አንዱ ሲበላሽ የሚቆጨኝም ለዚህ ነው።

3ኛው በአንድ መስመር ማንጋውን አንብቡ ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ መልስ በየውይይት ክሩ አይጠፋም።

4ኛው የክሩ ምሰሶ ሆነ። የጻፉት በልብስ ስፌት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። አኒሜውን ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው አይተውታል። ከሁሉም ያናደዳቸው የያናጊዳ ትርዒት ነው። ለማታስታውሱ፣ ያናጊዳ አፉ መራራ የሆነ ዲዛይነር ነው። ኢኩቶ በእሱ ዘንድ ረዳት ሆኖ ቶኪዮ ላይ ትርዒት ሊያሳዩ ሲሉ አንዲት ሞዴል ትጎድላለች። ቺዩኪ እንድትተካት ይወሰናል። ልብሱ የተቆረጠው ለረጅም ሴት ነው። ኢኩቶ እዚያው ከመጋረጃው ጀርባ በአጣዳፊ ሊያስተካክለው ነው።

እናትየው እዚህ ላይ ነው የጠየቁት። እንዴት አድርጎ? ብዙ ሰው ረጅም ቀሚስ ሲያጥር ከታች ቆርጦ መቀምቀም ይመስለዋል። ቀሚስ ግን የሚያጥረው ከትከሻ ጀምሮ ነው አሉ። ለረጅም ሴት የተቆረጠ ቀሚስ አጭር ሴት ላይ ሲወድቅ ወገቡ ዳሌዋ ላይ ያርፋል። የጡቱ ልክ ወደ ታች ይወርዳል። ብብቱ ይሰፋል። የጉልበቱ መስመር ባትዋ ላይ ይደርሳል። ከታች ብቻ ከቆረጥከው ርዝመቱ ይስተካከላል፣ ሌላው ሁሉ ግን የሰው ልብስ እንደለበሰች ያስታውቃል። ከትከሻ ካነሳኸው አንገቱ ይጠባል፣ እጅጌውም አብሮ ይፈታል። ወገቡን ከፍተህ ካሳጠርከው ዚፑ ይረዝማል። ገበር ካለው ደግሞ ሥራው ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው። እሳቸው ቢሆኑ መጀመሪያ ልጅቷን አስለብሰው በስፒል ይይዙታል። በሳሙና ምልክት ያደርጋሉ። በረጅም ክር ጊዜያዊ ስፌት ይሰፋሉ። አራምደው ያያሉ። መኪና የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ካውያ ሳያርፍበት ደግሞ ከመጋረጃው አይወጣም።

ጽሑፋቸውን የጨረሱት ልጁ ከእነዚህ አንዱን እንኳ መርጦ፣ ሌላውን ትቶ፣ ለምን እንደመረጠ ቢያሳየን ኖሮ ልባችን በአፋችን ይመጣ ነበር በሚል ነው። በመነሻው ላይ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ጭንቀቱ ያለው ውሳኔው ውስጥ ነው። አኒሜው ውሳኔውን ዘሎ ጭንቀቱን ብቻ በሙዚቃ ሊሰጠን ሞከረ።

5ኛው ወጣት ነው መሰለኝ። እትዬ እያለ አመሰገናቸው። ሰርግ ላይ የሚለብሰው ሱሪ ለምን ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ እንደሚንቦረቀቅ አሁን እንደገባው ጻፈ።

6ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ይህ ካርቱን ነው፣ ለመዝናኛ የተሠራ ነገር ላይ ሜትር ይዞ መምጣት በሽታ ነው አለ። ልብስ መስፋት የሚፈልግ ስፌት ቤት ይግባ ብሎ ጨመረ። ለእናትየው የሚገባ አነጋገር አልነበረም።

7ኛው አልታገሠውም። የእግር ኳስ አኒሜ ኳሷን ባያሳይ፣ የምግብ አኒሜ ድስቱን ባያሳይ ዝም ትል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ቅርጫት ኳስን ከአኒሜ የተማረ ትውልድ አለ። ጃፓኖች ሥራን በማሳየት የታወቁ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሲከበር ስፌት ሲሆን ለምን ይናቃል? ሴት የምትሠራው ሥራ ስለሆነ ነው ወይ አለ። ይህች የመጨረሻ ጥያቄ ከባድ ናት፣ 6ኛውም አልመለሳትም።

8ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። አኒሜሽን የተማረ ሰው ነው። ለምን ልብስ በአኒሜ እንደሚከብድ በሰከነ ቋንቋ አስረዳ። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለው። በቴሌቪዥን አኒሜ አንድ ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ስለሚያገለግል ሰዓሊው በሰከንድ 12 ወይም 8 ሥዕል ይሥላል። ገጸ ባሕሪው አንድ ዓይነት ቀለል ያለ ልብስ ከለበሰ ይህ ይቻላል። የአኒሜ ልጆች ሁልጊዜ አንድ ዩኒፎርም የሚለብሱትም በከፊል ለዚህ ነው። የፋሽን ታሪክ ግን በየትዕይንቱ አዲስ ልብስ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ልብስ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ ተሥሎ ለሁሉም ሰዓሊ መሰጠት አለበት። ጨርቁ አበባ ወይም መስመር ካለው ደግሞ እጥፋቱ ሲንቀሳቀስ አበባውም አብሮ መታጠፍ አለበት። ይህን በእጅ መሣል ዓይን ያጠፋል። በኮምፒዩተር ከተለጠፈ አበባው ቆሞ ይቀርና ልብሱ ብቻውን ይሄዳል። ለዚህ ነው ስቱዲዮዎች ትርዒቱ ላይ ቋሚ ሥዕል አቁመው ካሜራውን ከጫማ ወደ ፊት የሚያወጡት።

ይህን አንብቤ ስለ ትርዒቱ የነበረኝ ንዴት ቀነስ ብሏል። ስለ ስፌቱ ግን አልቀነሰም። መርፌ የያዘች እጅን ቅርብ አድርጎ ማሳየት ቀሚስን ከማራመድ በብዙ ይቀላል። አንድ እጅ፣ አንድ ክር፣ ትንሽ ጨርቅ። ይህን መሥራት አቅም አይጠይቅም። ፍላጎት ነው የጎደለው።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክርክሩ ቁመት ላይ ወደቀ። 9ኛው 158 ሴንቲ ሜትር ሆና ፓሪስ መመኘቷ ውሸት ነው፣ ታሪኩ ከሥሩ የተበላሸው እዚህ ነው አለ። 10ኛዋ ዴቨን አዎኪን አነሳች። አባቷ ጃፓናዊ ነው። ቁመቷ 165 ገደማ ሆኖ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ለሻኔልና ለቬርሳቼ ተራምዳለች። ኬት ሞስም 170 ገደማ ናት፣ ለሞዴል አጭር ነሽ ስትባል ነው ያደገችው። 11ኛው ወደ አገር ቤት አመጣው። ሊያ ከበደ አዲስ አበባ ተወልዳ ፓሪስ ደርሳለች፣ በ2003 የኤስቴ ላውደር ፊት ሆናለች፣ በ2007 ደግሞ የሽመናን ሥራ ለዓለም ገበያ የሚያወጣ ለምለም የተባለ ድርጅት መሥርታለች ብሎ ዘረዘረ። 12ኛው መለሰለት። ሊያ 178 ገደማ ናት፣ ስለዚህ የ9ኛውን ነገር ታጠናክራለች እንጂ አታፈርስም አለ። እውነት አለው።

13ኛው መልስ ከቁመት ክርክሩ ሁሉ ጥቅም ያለው ነው። ኤጀንሲዎች ወደ 175 ሴንቲ ሜትር የሚጠይቁት ለውበት ብቻ አይደለም አለ። ለትርዒት የሚቀርበው ልብስ ናሙና ነው። በአንድ ልክ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ፍሬ ብቻ ነው የሚሰፋው። ሞዴል የምትመረጠው ልብሱ ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ ልብሱ ለእሷ አይስተካከልም፣ እሷ ናት ለልብሱ የምትገኝለት። አንዷ ብትቀር ሌላዋ በቦታዋ መግባት አለባት። ቺዩኪ ላይ የተዘጋው በር ይህ ነው። አሠራሩ ስለሆነ ክፉ ሰው አያስፈልገውም። 13ኛው እንዳለው የኤጀንሲው ሠራተኛ ሺዙኩ ለቺዩኪ ተስፋሽን ቁረጪ የምትላት በክፋት አይደለም። ራሷ ሞዴል የነበረች ናት፣ ይህን አሠራር ስለምታውቅ ነው። አኒሜው ምክንያቱን በሁለት ደቂቃ ቢያብራራው ኖሮ የ158 ቁጥር እንደ እርግማን ባልተደጋገመ ነበር።

14ኛዋ የራሷን ነገረችን። የምትኖረው አውሮፓ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ ኤጀንሲ ገብታ ነበር። ስሙን አልጠቀሰችም። ጫማሽን አውልቂ አሏት። ግድግዳ ላይ በተሣለ መስመር ለኩዋት። ማንም ፊቷን ሳያይ አመሰግናለሁ ብለው ሸኟት። ከዚያ ወዲህ ቺዩኪ ልክ ስትለካ የምታደርገውን ነገር፣ ያን አገጭ ቀና ማድረግ፣ ባየች ቁጥር ሆዷ ይንቦጫቦጫል። እሷ አኒሜውን ትወደዋለች። ጉድለቱን እያየች ትወደዋለች። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

15ኛው የለም። ስለ 14ኛዋ አካል አስነዋሪ ነገር ስለጻፈ አወያዩ አንስቶታል። 16ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በኋላ የሰው ቁመትና መልክ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ከክሩ ይወጣል አለ። ጥሩ አደረገ።

17ኛው ረጅም ነው፣ ለኔ ከእናትየው ቀጥሎ የወደድኩት ይህን ነው። ጸሐፊው የፋሽን ታሪክ ይከታተላል። የ«ራንዌይ ዴ ዋራቴ» ፓሪስ ባዶ ነው አለ። ጃፓኖች ፓሪስ ለመግባት የከፈሉት ነገር አይነሳም። ኬንዞ ታካዳ በመርከብ ተጉዞ በ1965 ፓሪስ ደረሰ፣ በ1970 እዚያው ሱቅ ከፈተ። ሃናኤ ሞሪ በ1977 የፓሪስ ኦት ኩቱር (በልክ የሚሰፋ ውድ ልብስ) ማኅበር ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ እስያዊት ሆነች። ሬይ ካዋኩቦና ዮጂ ያማሞቶ በ1981 መጡ። ፓሪስ ያኔ ትከሻና ወገብ፣ ቀለምና ወርቅ ላይ ነበረች። እነሱ ጥቁር፣ ሰፋፊ፣ ሆን ተብሎ የተቀደደ ልብስ ይዘው ወጡ። ግማሹ ጋዜጠኛ ተሳደበ።

ከዚያ የዮጂን አስተዳደግ አነሳ። አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተ። እናቱ ቶኪዮ ውስጥ ልብስ እየሰፋች ብቻዋን አሳደገችው። ሕግ ተምሮ ጨረሰ። ከዚያ የሕጉን ነገር ትቶ እናቱ ሱቅ ውስጥ ረዳት ሆነ። ስፌቱን ደግሞ ቡንካ ፋሽን ኮሌጅ ገብቶ ተማረ። 17ኛው የጠየቀው ይህን ነው። ድሀ ልጅ፣ ብቸኛ እናት፣ ስፌት መኪና፣ ፓሪስ፤ የኢኩቶ ታሪክ በእውነተኛው ዓለም ተፈጽሟል። ታዲያ ለምን እውነተኛው ታሪክ ከተፈለሰፈው ይልቅ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል? የራሱን መልስም ሰጠ። ዮጂን የቀረጸው ድህነቱ ብቻ አይደለም። እናቱ ለደንበኞቿ ስትሰፋ ያየው ነገር ነው፣ ልብሱ ላይም ይታያል። ሴትን ለወንድ ዓይን የማያጋልጥ፣ አካሏን የሚሸፍን፣ እንደልቧ የሚያስኬዳት ልብስ ነው የሰፋው። የኢኩቶ ኑሮ ግን ለማስለቀስ እንጂ ልብሱን ለመቅረጽ ብዙ አላገለገለም። ሆስፒታሉ፣ የብሩ ጭንቀት፣ የእህቶቹ ነገር፣ ሁሉም ከልብሱ ጎን ቆሟል።

18ኛው ተቃወመ። መጨረሻ ላይ ኢኩቶ ለጌይካ ውድድር የሠራው ከቤተሰቡ የመነጨ ነው፣ ስለዚህ 17ኛው ያለው ትክክል አይደለም አለ። 19ኛው (እኔ ነኝ) የመለስኩት እንዲህ ነው። ሐሳቡ ከቤተሰቡ እንደመነጨ ይነገረናል። ጨርቁን ለምን እንደመረጠ፣ እህቶቹን ሲያለብስ ምን እንዳስተዋለ፣ ስንት ጊዜ ፈትቶ እንደሰፋ ግን በጨረፍታ ታልፏል።

ከ20ኛ እስከ 23ኛ «ፓራዳይዝ ኪስ» ላይ ዋልን። 20ኛዋ ያን አኒሜ ማየት ግዴታ ነው አለች። የመድረክ ያህል የሚያምረው የሥራ ቦታቸው ነው። ምድር ቤት ያለ የድሮ ቡና ቤት ነው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየወንበሩ ተንጠልጥሏል። ለባለታሪኳ ለዩካሪ የሚሰፋላት ሰማያዊ ቀሚስ ላይ ያሉት ጽጌረዳዎች አንድ በአንድ በእጅ ይሠራሉ። ሌሊቱን እያንቀላፉ ይሠራሉ፣ ቀኑ እየቀረበ ነው፣ እኛም አብረን እንጨነቃለን። ያም 12 ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የክፍል ማነስ ምክንያት አይሆንም ብላ ዘጋችው። ይህ የክሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

21ኛው ግን የዚያ አኒሜ ዲዛይነር የሆነውን ጆርጅን አነሳና ነገሩ ተበላሸ። ጆርጅ ልጅቷን የሚያንገላታ ወንድ ነው፣ እሱ ያለበትን ነገር ለእህቴ አላሳይም አለ። 22ኛዋ ጆርጅ ክፉ መሆኑን ታሪኩ ራሱ ያውቃል፣ ዩካሪ የምታድገው ከሱ ተላቃ ነው ብላ ተቆጣች። 23ኛው ሁለቱንም አንብባችሁ ጨርሱት እንጂ ብሎ ገሰጻቸው። ተራ በተራ ተናደዱ። ጆርጅ ላይ እኔም ከ22ኛዋ ጋር ነኝ።

24ኛው ወደ «ራንዌይ ዴ ዋራቴ» መልሶን ኮኮሮ ሃሴጋዋን አነሳ። ኮኮሮ ከቺዩኪ ተቃራኒ ናት። በጣም ረጅም ናት፣ ሁሉም ሞዴል ሁኚ ይላታል። እሷ የምትፈልገው መስፋት ነው። ዲዛይኑን እንድትተው ከሥራ አስኪያጇ ግፊት አለባት። 24ኛው እንዳለው የአኒሜው እውነተኛ ባለታሪክ መሆን የነበረባት እሷ ናት። ቺዩኪ የምትመኘውን ተፈጥሮ ሰጥታት የማትፈልግ ልጅ። ሁለቱን ትይዩ አቁሞ ማየት ብቻውን 12 ክፍል ይሞላል። እነሱ ግን ኮኮሮን ለጥቂት ትዕይንት አምጥተው፣ አስለቅሰው፣ ወደ ጥግ አስቀመጧት።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። 25ኛው እናትየውን ገበር የሚሆን ጥሩ ጨርቅ መርካቶ የት እንደሚገኝ ጠየቃቸው። መለሱለት (26ኛ)፣ የቱ ጨርቅ ላብ እንደሚስብና የቱ ገላ ላይ እንደሚጣበቅ ጭምር። 27ኛዋ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሰፋችበትን ዋጋ አነሳች፣ ጥበቡ የእጅ ነው ተብላ የማሽን ሆኖ እንዳገኘችው ተናገረች። 28ኛው እንዴት እንደሚለይ አስተማራት፤ ጀርባውን ገልብጪ፣ ክሩ የት እንደተቋጨ እይ አላት። ከርዕሱ ውጪ ነው፣ ግን ክሩ ሲፈጠር ጀምሮ ስንፈልገው የነበረው ዓይን ይህ ነው። ጀርባውን ገልብጦ የሚያይ ሰው ነው ስለ ልብስ አኒሜ መሥራት ያለበት። 29ኛው አወያዩ ነው፣ የጨርቅ ዋጋ በሌላ ክር ይሁን አለ።

30ኛው «ማይ ድሬስ አፕ ዳርሊንግ»ን ጠቆመ። በ2022 ክሎቨርወርክስ የሠራው ነው። ልጁ ሂና የሚባለው የጃፓን ባህላዊ አሻንጉሊት ሠሪ መሆን ይፈልጋል፣ ልጅቷ ደግሞ የገጸ ባሕርያትን ልብስ ለብሳ መታየት ትወዳለች። ልክ ሲወስድ፣ ጨርቅ ሲመርጥ፣ የማይሆነውን ትቶ ሌላ ሲፈልግ ያሳያል። 31ኛዋ አንዳንዱ ትዕይንት ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም ብላ አስጠነቀቀች። ልክ ናት፣ ልጆች ያሏችሁ አስቡበት። የስፌቱ ትዕግሥት ግን እዚያ አለ። ስለ ፋሽን ኢንዱስትሪ ባይሆንም ከ«ራንዌይ ዴ ዋራቴ» ይልቅ ስለ ልብስ ያስተምራል።

32ኛው 3ኛው ሰውዬ ነው። በዚህ ጊዜ ከአንድ መስመር በላይ ጻፈ። ማንጋው ላይ አኒሜው የቆረጠው ብዙ ገጽ አለ ብሎ፣ አኒሜውን አይታችሁ መሃል ላይ አትግቡ፣ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ አለ። ሥዕሉ ላይ ልብሱ ሙሉ ገጽ ይዞ ይቆማል። ዓይን የፈለገውን ያህል እዚያ ይቆያል፣ ካሜራ የሚያዞረው የለም። ምክሩን ወስጃለሁ። ሁለተኛ ምዕራፍ አኒሜ እስካሁን ስላልመጣም ታሪኩን ለመጨረስ ሌላ መንገድ የለም።

33ኛዋ ደግሞ 24ኛውን ደግፋ፣ ስለ ኮኮሮ ለብቻው ክር ይከፈት ብላለች። ዛሬ ከፍቼዋለሁ። ማንጋውን ያላነበባችሁ እንዳትበሳጩ፣ አኒሜው ካቆመበት በኋላ ያለውን የሚያወሩ መልሶች ላይ ምልክት አድርጉ ብዬ ከላይ ጽፌአለሁ። እትዬም እዚያ እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል።